«ሲያረግዙ ይምጡ» ላላችሁኝ

ይድረስ፦ የዘረመል ተሸካሚነት ምርመራ ለምትሰጡ የሕክምና ተቋማት፣ አገልግሎቱን ለምትመሩና ለምትቆጣጠሩ የጤና ኃላፊዎች በሙሉ

ጉዳዩ፦ ምርመራው ከእርግዝና በፊት፣ ለጥንዶች በአንድነትና ከበቂ ማብራሪያ ጋር እንዲሰጥ ስለመጠየቅ

ክቡራንና ክቡራት፣

ባለፈው ወር ከባለቤቴ ጋር ወደ አንድ የሕክምና ተቋም ሄድን። ሁለተኛ ልጅ ለመውለድ እየተመካከርን ስለሆነ፣ ሁለታችንም ሳናውቀው የተሸከምነው የዘር ሕመም ካለ አስቀድመን ለማወቅ ፈልገን ነበር። የተቀበለችን ሠራተኛ በትሕትና አዳመጠችን፤ በትሕትናም መለሰችልን። «ምርመራው አለ፤ የሚታዘዘው ግን በእርግዝና ክትትል ላይ ነው። ሲያረግዙ ይምጡ።»

እሷን አልወቅሳትም። የተጻፈላትን መመሪያ ነው ያነበበችልን። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው መመሪያውን ለጻፋችሁት ነው።

በሙያዬ የሂሳብ መርማሪ ነኝ። እንጀራዬ ሌላው ሰው «ተዘግቷል» ያለውን መዝገብ መልሶ ከፍቶ ማየት ነው። ስለዚህ ነገሩን ከመነሻው ላውጣው።

የመጀመሪያ ልጄን ባረገዝኩ በ11ኛው ሳምንት ለተለመደው ክትትል ደም ሰጠሁ። በቅጹ ላይ ከደም ዓይነትና ከሌሎቹ ጋር 3 የዘር ሕመሞችን የሚመለከት የተሸካሚነት ምርመራም ምልክት ተደርጎበት ኖሯል። ማንም አልጠየቀኝም። እኔም የሰውን መዝገብ በአጉሊ መነጽር የማየው ሴት የራሴን ሳላነብ ፈረምኩ። ከ10 ቀን በኋላ፣ ዓርብ ማታ፣ ስልኬ ላይ አንድ መልእክት ገባ፦ «ስፓይናል መስኩላር አትሮፊ፦ ፖዘቲቭ።» ከዚህ ሌላ አንድም ቃል አልነበረበትም። ወደ ተቋሙ ስልክ ደወልኩ፤ እስከ ሰኞ ዝግ ነው አለኝ።

ቅዳሜንና እሑድን እንዴት እንዳሳለፍናቸው አልተርክላችሁም። ያነበብነውን ግን ልንገራችሁ። ሕመሙ ጡንቻን የሚያዝዙትን የአከርካሪ ነርቮች ይገድላል። ከባዱ ዓይነት የያዘው ሕፃን ሕክምና ካላገኘ ያለ ድጋፍ መቀመጥ አይችልም፤ አብዛኞቹም ሁለተኛ ዓመታቸውን አያዩም። እኔ መጀመሪያ የታመምኩት ራሴ መሰለኝ፤ ቀጥሎ ፅንሱ ታሟል ብዬ ደመደምኩ። ሰኞ ጠዋት ሐኪሙ በአንድ ዓረፍተ ነገር «እርስዎ ተሸካሚ ነዎት እንጂ ታማሚ አይደሉም፤ ባለቤትዎም ተሸካሚ ካልሆኑ በቀር የሚያሰጋ ነገር የለም» አለኝ። ይህ ዓረፍተ ነገር ዓርብ ማታ ከመልእክቱ ግርጌ ቢጻፍ ምን ያህል ቦታ ይወስድ ነበር?

ደብዳቤው ግልጽ ስለሆነ፣ የሚያነቡትም ሐኪሞች ብቻ ስላልሆኑ፣ ያን ጊዜ ማንም ያላስረዳኝን በራሴ ቋንቋ ልጻፈው። አብዛኞቹን ጂኖቻችንን በሁለት ቅጂ እንይዛለን፤ አንዱ ከእናት፣ አንዱ ከአባት። ከሁለት ፈራሚዎች የአንዱ ፊርማ የሚበቃበት የባንክ ሂሳብ አስቡ። አንደኛው ፈራሚ ቢታመም ክፍያው አይቆምም፤ የሚቆመው ሁለቱም የታመሙ ዕለት ነው። ተሸካሚ ማለት አንዱ ፈራሚው የታመመበት ሰው ነው። ሂሳቡ ይንቀሳቀሳል፤ ሰውየውም ዕድሜ ልኩን ምንም ሳያውቅ ይኖራል። የአንድ ዓይነት ሕመም ሁለት ተሸካሚዎች ሲገናኙ ግን በእያንዳንዱ እርግዝና ልጁ የሚታመምበት ዕድል ከ4 አንድ፣ እንደ ወላጆቹ ተሸካሚ ብቻ የሚሆንበት ከ4 ሁለት፣ ከነጭራሹ ነጻ የሚሆንበት ከ4 አንድ ነው። «በእያንዳንዱ» የሚለውን ቃል አስምሩበት። አንድ የታመመ ልጅ የወለዱ ሰዎች «የሚቀጥሉት ሦስቱ ጤነኞች ይሆናሉ» ብለው ሲጽናኑ ሰምቻለሁ። ዕጣው ግን ያለፈውን አያስታውስም፤ በየጊዜው እንደ አዲስ ነው የሚወጣው።

«በዘራችን እንዲህ ያለ ነገር የለም» የሚለውም ማስተማመኛ አይሆንም። ድብቅ ጂን ከአያት ወደ አባት፣ ከአባት ወደ ልጅ አንድም ሰው ሳያሳምም ብዙ ትውልድ ይሻገራል። የእኔው ሕመም ተሸካሚዎች በብዙ ሕዝቦች ዘንድ ከ40 እስከ 60 ሰው አንድ ናቸው። ሲስቲክ ፋይብሮሲስ የሚባለውን የሳንባና የቆሽት ሕመም የሚሸከሙት በሰሜን አውሮፓ ዝርያዎች መካከል ከ25 ሰው አንድ ገደማ ናቸው። በመቶ የሚቆጠሩ ጂኖችን በሚያይ ምርመራ ደግሞ አብዛኛው ሰው የአንድ ነገር ተሸካሚ ሆኖ ይገኛል። ተሸካሚነት እንግዲህ እንደ ነውር በሹክሹክታ የሚነገር ነገር አይደለም፤ የሰው ልጅ የጋራ ዕዳ ነው።

ወደ ጊዜው ልመለስ፤ ክሴ ያለው እዚያ ነውና። ባለቤቴ ደም የሰጠው በ13ኛው ሳምንት ነው። ውጤቱ የመጣው በ15ኛው ነው። ከእንግዴ ልጅ ናሙና ተወስዶ ፅንሱ የሚመረመርበት ጊዜ ብዙውን ጊዜ ከ10ኛው እስከ 13ኛው ሳምንት ነው፤ አለፈን። ባለቤቴም ተሸካሚ ቢሆን ኖሮ የሚቀረን ከ15ኛው ሳምንት ጀምሮ የእንሽርት ውሃ መቅዳት፣ ውጤቱን ደግሞ መጠበቅ፣ ከዚያም ሆዴ ገፍቶ፣ ልጁ መንፈራገጥ ጀምሮ ሳለ መወሰን ነበር። ያው ምርመራ፣ ያው ደም፣ ያው መሣሪያ ነው። ግን ከእርግዝና በፊት ሲሆን ምክር ነው፤ በኋላ ሲሆን ሩጫ ነው። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ማለት ይህ አይደለምን?

አስቀድመው ያወቁ ጥንዶች በፊታቸው ምን ያህል መንገድ እንዳለ እናንተ ከእኔ ይልቅ ታውቁታላችሁ። እንዲሁ በተስፋ የሚያረግዙ አሉ። አርግዘው ፅንሱን የሚያስመረምሩ አሉ። በቤተ ሙከራ ከተፈጠሩት ሽሎች ሕመሙ የሌለበትን አስመርጠው የሚፀንሱ አሉ፤ በዚህ መንገድ የተፀነሱት የመጀመሪያዎቹ እርግዝናዎች እ.ኤ.አ. በ1990 በለንደን ከተዘገቡ ወዲህ ዘዴው ብዙ ርቆ ሄዷል። ከለጋሽ የዘር ፍሬ የሚወስዱ፣ በማደጎ የሚያሳድጉ፣ ልጅ ይቅርብን የሚሉም አሉ። የትኛውንም አልመርጥላቸውም፤ እናንተም አትምረጡላቸው። እርግዝናው አንዴ ከተጀመረ ግን ከእነዚህ መንገዶች አብዛኞቹ ይዘጋሉ፤ የዘጋቸውም የሕመሙ ባሕርይ ሳይሆን የቀጠሮ ሰሌዳችሁ ነው።

«እኛ ምንም ብናውቅ እርግዝናውን አናቋርጥም፤ ታዲያ ማወቁ ለምን ይጠቅመናል?» የሚሉ አሉ። ይህን ጥያቄ አከብራለሁ፤ የእኔም ቤት ጥያቄ ነበር። ነገር ግን መልሱ ከ10 ዓመት በፊት እንደነበረው አይደለም። ለዚሁ የአከርካሪ ነርቭ ሕመም የመጀመሪያው መድኃኒት፣ ኑሲነርሰን፣ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2016 በአሜሪካ ተፈቀደ፤ በ2019 ደግሞ የጎደለውን ጂን የሚተካ ሕክምና ተከተለ። የሞተ ነርቭ አይነሳም። ስለዚህ ምልክቱ ከመታየቱ በፊት፣ በተወለዱ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የታከሙ ሕፃናት፣ ሕመሙ ጠንቶባቸው ከመጡት እጅግ የተሻለ ዕድል አላቸው። ፈጽሞ ምንም ለማቋረጥ የማያስብ ወላጅም ቢሆን ልጁ በተወለደ ሳምንት ምርመራና ሕክምና እንዲጠብቀው ማድረግ ይችላል። ይህን የነገረኝ የሕክምና ባለሙያ አልነበረም፤ በራሴ ንባብ ነው የደረስኩበት።

የባለቤቴ ውጤት «ኔጋቲቭ» ሆኖ መጣ። አለቀስን፣ ሳቅን። ከዚያ ልማድ ሆኖብኝ የግርጌ ማስታወሻውን አነበብኩ፤ «የቀረ ዕድል» የሚል ነገር አገኘሁ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ቁጥር የእኔ ሜዳ ነውና። ለስሌት እንዲመች፣ አንድ ሰው ተሸካሚ የመሆን ዕድሉ ከ25 አንድ ነው እንበል፤ ምርመራውም ከ100 ተሸካሚ 90ውን ያገኛል እንበል። ይህ ሰው ኔጋቲቭ ቢባል ዕድሉ ዜሮ አይሆንም፤ ከ241 አንድ ይሆናል። ሚስቱ በእርግጠኝነት ተሸካሚ ከሆነች ልጃቸው የሚታመምበት ዕድል ከ964 አንድ ነው። ትንሽ ነው፤ እኔ በዚህ ላይ ተኝቼ አድራለሁ። ነገር ግን «ዜሮ» እና «ትንሽ» በየትኛውም መዝገብ በአንድ ረድፍ አይጻፉም። በእኛ ሕመም ደግሞ የተለየ ወጥመድ አለ። ምርመራው የሚቆጥረው ጂኑ ስንት ቅጂ እንዳለው ነው። ሁለቱም ቅጂ በአንዱ ክሮሞዞም (ጂኖችን በሚይዘው ክር) ላይ ተደርቦ ሌላው ባዶ የሆነበት ሰው ሲቆጠር ሁለት ይሞላል፤ ስለዚህ ጤናማ መስሎ ያልፋል፤ በእውነቱ ግን ተሸካሚ ነው። ድምሩ ልክ ሆኖ ምዝገባው የተሳሳተ ሂሳብ ማለት ነው፤ ለመርማሪ ከዚህ የከፋ የለም።

ኔጋቲቭ የተባለች ጎረቤቴ ደግሞ «እንግዲህ ልጄ ዳውን ሲንድረም አይኖረውም» ብላ ስትደሰት ሰማኋት። ያ ሌላ ምርመራ ነው። ዳውን ሲንድረም በአብዛኛው ከወላጅ የሚወረስ ሳይሆን የክሮሞዞም አከፋፈል ስሕተት ነው፤ የተሸካሚነት ምርመራ አያየውም። በወላጆቹ ዘንድ ሳይኖር በልጁ ላይ እንደ አዲስ የሚፈጠረውን የጂን ለውጥም አያይም። ይህን ማስረዳት የማን ሥራ ነበር?

እናንተ በበኩላችሁ «ብዙ ብንነግራቸው ሰዉ ይደናገጣል» ትሉ ይሆናል። ታሪኩን እንየው። እ.ኤ.አ. በ1971 በአሜሪካ በባልቲሞርና በዋሽንግተን አካባቢ፣ ሕፃናትን በጥቂት ዓመት የሚገድለው የታይ ሳክስ ሕመም ተሸካሚዎችን የመለየት ሥራ ተጀመረ። ሕመሙ በብዛት የሚገኝባቸው፣ አሽከናዚ ከሚባሉት የአውሮፓ ዝርያ አይሁዶች ከ30 ሰው አንዱ ገደማ ተሸካሚ ነው። ሥራው የተጀመረው ግን በደም መቅጃ አልነበረም፤ አስቀድሞ ማኅበረሰቡን በማስተማር፣ ከሃይማኖት መሪዎቹም ጋር በመመካከር ነው። በዚያ ማኅበረሰብ ሕመሙን ይዘው የሚወለዱ ሕፃናት ቁጥር ከጊዜ በኋላ ከ90 በመቶ በላይ ቀነሰ። በ1983 ደግሞ በዚሁ ሕመም አራት ልጆቹን የቀበረ አንድ ረቢ ዶር የሾሪም የተባለውን ድርጅት መሠረተ። ወጣቶች ይመረመራሉ፤ የሚሰጣቸው ግን ውጤት ሳይሆን ቁጥር ነው። ጋብቻ ሲታሰብ ሁለቱን ቁጥሮች ይዘው ይጠይቃሉ፤ ሁለቱም የአንድ ሕመም ተሸካሚ ካልሆኑ ማን ምን እንደተሸከመ ማንም አያውቅም። የራሴ ውጤት ከእኔ ቢደበቅ እኔ አልወድም። ነገር ግን ሐሜትን የፈራ ማኅበረሰብ ለሐሜት መድኃኒት ማበጀቱን አደንቃለሁ።

በቆጵሮስ ከ7 ሰው አንድ ገደማ ቤታ ታላሴሚያ የሚባለውን የደም ሕመም ይሸከማል። ጥንዶች ከጋብቻ በፊት መመርመራቸውን የሚያሳይ ማስረጃ ያቀርባሉ፤ ውጤቱ ግን ጋብቻውን አይከለክልም። ሕመሙን ይዘው የሚወለዱ ልጆች ቁጥር ወደ ዜሮ ተጠጋ።

አሁን ደግሞ የተገላቢጦሹን። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ ብዙ ግዛቶች ጥቁሮችን ያነጣጠረ፣ ሲክል ሴል የሚባለውን የደም ሕመም የሚፈልግ ምርመራ በሕግ ደነገጉ። ማስተማሩም ምክሩም ሳይቀድም ግዴታው ቀደመ፤ አንዳንዶቹ ሕጎች ተሸካሚውን ከታማሚው እንኳ አይለዩም ነበር። ጤነኛ ሰዎች ሥራና መድን ተከለከሉ። የአየር ኃይሉ አካዳሚ ተሸካሚዎችን መከልከሉን ያቆመው በ1981 ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በ1968፣ ሲክል ሴል የሞለኪውል ሕመም መሆኑን ያሳየውና ሁለት የኖቤል ሽልማት ያገኘው ሊነስ ፖውሊንግ የተሸካሚ ወጣቶች ግንባር ላይ ምልክት ይነቀስ ብሎ ጽፎ ነበር። ተሸካሚዎች እንዳይዋደዱ ነው እንግዲህ! ያን ያህል የተማረ ሰው ያን ያህል ሊስት መቻሉ ዛሬም ይገርመኛል። ሰዉን ያስደነገጠው የእውቀት መብዛት አልነበረም፤ ያለ ማብራሪያ የተጣለበት ስም ነው።

በዘመናችን ደግሞ አውስትራሊያ አለች። «ማኬንዚ ሚሽን» በተባለው ጥናት ከ9,000 በላይ ጥንዶች በ1,281 ጂኖች ተመረመሩ፤ ውጤቱም በ2024 ታተመ። ከ100 ጥንዶች 2 ገደማ ከዚያ በፊት የማያውቁት ከፍ ያለ ዕድል እንዳለባቸው ተገነዘቡ። እኔን የማረከኝ ቁጥሩ ሳይሆን አሠራሩ ነው። ውጤቱ ለሚስት ብቻ ወይም ለባል ብቻ ሳይሆን ለጥንዶቹ በአንድነት ተነገረ። አንዱ ብቻ ተሸካሚ የሆነበት ቤት ዓርብ ማታ አልተረበሸም።

ስንት ጂን ይታይ ለሚለው ክርክር ግን አጭር መልስ የለኝም። 3 ይበቃል የሚሉ አሉ፤ ከ1,000 በላይ የሚሸጡም አሉ። የአሜሪካ የሕክምና ዘረመል ኮሌጅ በ2021 ለሁሉም እንዲቀርቡ ያላቸው 113 ናቸው። እኔ በብዛቱ አልታለልም። ሕመሙ ቀላል የሆነ፣ ወይም የጂኑ ለውጥ ትርጉሙ ገና ያልታወቀ ነገር ሁሉ ተዘርዝሮ ቢሰጠኝ ጭንቀት እንጂ እውቀት አልገዛሁም። ደግሞ አንዳንዱ ውጤት ስለ ልጅ ብቻ አይናገርም። ፍራጃይል ኤክስ በሚባለው ሕመም መለስተኛ ለውጥ ያላት ሴት የራሷ የእንቁላል ዕጢ ከወትሮው ቀድሞ ሊደክም ይችላል፤ ለውጡ ያለበት ወንድ ደግሞ በእርጅናው መንቀጥቀጥ ሊይዘው ይችላል። ስለ ልጅ ሊጠይቅ የመጣ ሰው ስለ ራሱ ሽምግልና ተነግሮት እንዳይሄድ አስቀድማችሁ ጠይቁት።

መረጃው የት እንደሚቀመጥም ንገሩን። የሚሊዮኖችን የዘረመል መረጃ የያዘው ትዌንቲ ስሪ ኤንድ ሚ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2025 የኪሳራ ጥበቃ ሲጠይቅ ደንበኞቹ መረጃቸው እንደ ዕቃ ለማን እንደሚሸጥ ይጨነቁ ጀመር። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው የአሜሪካ ሕግ አሠሪና የጤና መድን ሰጪ በዘረመል ውጤት እንዳያዳሉ ሲከለክል የሕይወት መድንን አይነካም። በቅጻችሁ ላይ ግን ስለዚህ የሚናገር መስመር ፈልጌ አጣሁ።

የመጨረሻው ነገር ታናሽ እህቴ ናት። እኔ ተሸካሚ ከሆንኩ እሷም የመሆን ዕድሏ ግማሽ ነው። ይህንንም የነገረኝ አልነበረም፤ ሦስት ወር ሙሉ ውጤቴን የእኔ ብቻ አድርጌ ይዤው ነበር። በቅርቡ ያገባችውን እህቴን አስቀምጬ ስነግራት በጥሞና ሰማችኝና «አመሰግናለሁ፤ እኔ ግን አልመረመርም» አለችኝ። ተከራከርኳት። ቁጥሬን ሁሉ ዘረገፍኩላት። «እህቴ፣ አንቺ ሳታውቂ መቆየት ያሳምምሻል፤ እኔን ማወቅ ያሳምመኛል» ብላ ዘጋችኝ። ደግሞም ከልጅነቷ ጀምሮ በተሽከርካሪ ወንበር የምትሄድ ጓደኛ አለቻት። ጓደኛዋ በዚሁ ሕመም ቀለል ያለ ዓይነት የተያዘች የሕግ ባለሙያ ናት። «እሷን ‹እንዳይደገም› ብለው የሚጽፉበት ወረቀት ላይ አልፈርምም» አለችኝ። መልስ አጣሁ። ዛሬም የለኝም። ግን ወረቀታችሁን መልሼ ሳየው ሕመሙን የሚገልጸው በሞትና በወጪ ብቻ ነው፤ ከሕመሙ ጋር ስለሚኖር ሰው አንድም መስመር የለበትም። ጥንዶች ለመወሰን ሁለቱንም ማንበብ አለባቸው።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ከባድ አይደለም። በቅጹ ላይ የተሸካሚነት ምርመራን ከሌላው ደም ጋር በአንድ ምልክት አትጠቅልሉት፤ ለብቻው ይፈረምበት፤ «አልፈልግም» የሚልም ቦታ ይኑረው፤ አልፈልግም ያለችም ሴት በየቀጠሮው አትጨቅጨቅ። ምርመራው ላላረገዙትም ክፍት ይሁን። ባልና ሚስት በአንድ ቀን ደም ይስጡ፤ ውጤቱንም በአንድ ቀን፣ ከሰው አንደበት፣ የሥራ ሰዓት ሳያልቅ ይስሙ። «ኔጋቲቭ» ስትሉ የቀረውን ዕድል በቁጥር ጻፉ። «ፖዘቲቭ» የሚለውን ቃል ግን ከነጭራሹ ተዉትና «ተሸካሚ ነዎት፤ ታማሚ አይደሉም» በሉ። የዘረመል አማካሪ ከሌላችሁ አንድ ነርስ አሠልጥኑ፤ እኔን ያዳነኝ ሰኞ ጠዋት የተነገረኝ አንድ ዓረፍተ ነገር እንጂ ውድ መሣሪያ አልነበረም።

ልጄ አሁን ሦስት ዓመቷ ነው፤ ደረጃ መውጣት ትወዳለች፤ እኔም ስትወጣ መቁጠር እወዳለሁ። ባለቤቴ የተመረመረው ለአንዱ ሕመም ብቻ ስለነበረ ሌላውን አናውቅም። በሚቀጥለው ወር ተመልሰን እናንተ ዘንድ እንመጣለን። አላረገዝኩም።

ከአክብሮት ጋር፣
የአንዲት ልጅ እናት